አይለወጥም የተባለው ትል

ዶርካስ ታኬት የሞተችውን ፍየል የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ውስጡ ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ከመንጋጋዋ ሥር ያበጠውን ነካ አደረገችው፤ ውኃ ቋጥሯል። ደም አልቆባት ነው የሞተችው። ደሟን የጠጣው ደግሞ ሆዷ ውስጥ ያለው ትል ነው፤ ቴነሲ ውስጥ ፍየል ያረባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ከክር የማይወፍር ትል።

«ስንተኛህ ናት?» አለችው።

«ሰባተኛ፣ ሚስ ዶርካስ።» ሎኒ ኬትስ ገና ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ያን ቀን ግን ጎብጦ ነበር የቆመው።

«መድኃኒቱን መቼ ሰጠሃቸው?»

«አሥር ቀን ሆነኝ። ሁሉንም በአንድ ቀን ጋትኳቸው፤ በማግስቱ ወደ አዲሱ ግጦሽ አዛወርኳቸው። ወረቀቱ የሚለውን አንድም ሳላጎድል ነው ያደረግኩት። ምን አጠፋሁ? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አጠፋሁ?»

ወረቀቱ እዚያው ከበረቱ በር ላይ በሚስማር ተመትቷል። በዚያ አገር ወረቀቱ ያልተለጠፈበት በረት የለም። የካውንቲው የእርሻ ቢሮ ከሃያ ዓመት በፊት ያደለው ነው፦ ሁሉንም እንስሳ በአንድ ቀን ጋቱ፤ ከዚያ ትል ወዳልነካው ንጹሕ ግጦሽ አዛውሩ። ዶርካስ ወረቀቱን ባየችው ቁጥር አንጀቷ ያርራል። ራሷም ለዓመታት አምናው ኖራለች።

«ምንም አላጠፋህም» አለችው። «የተባልከውን አድርገሃል። ያንን ላስቲክ አቀብለኝ።»

ከየፍየሉ ሥር ትኩስ በጠጥ ለቅማ ወደ ቤቷ ነዳች። ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከትምህርት ቤት ጨረታ የገዛችው አሮጌ ማይክሮስኮፕ አለ። በጠጡን መዘነች፤ በወፍራም የጨው ውኃ ጨፈለቀችው፤ አጠለለችው፤ ስሱ የመመርመሪያ መስተዋት ላይ አፍስሳ አምስት ደቂቃ ጠበቀች። ጨው የበዛበት ውኃ የትሉን እንቁላል ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። ከዚያ ቆጠረች። አንድ ጊዜ ቆጥራ አላመነችም፤ ሁለተኛ ቆጠረች፤ ሦስተኛም ቆጠረች። በአንድ ግራም በጠጥ ሁለት ሺህ አራት መቶ እንቁላል። መድኃኒት ከተሰጠ ከአሥር ቀን በኋላ! ሎኒ ፍየሎቹን ውኃ ቢግታቸውም ከዚህ የባሰ ነገር አይመጣም ነበር።

ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ይኼ ደብተር የአሥራ አንድ ዓመት ደብተር ነው። የራሷንም የጎረቤቶቿንም ፍየሎች፣ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ፣ ቀኑን፣ ግጦሹን፣ የዓይኑን ቅላት ሳይቀር መዝግባለች። ማንም አላዘዛትም። ጎረቤት ሁሉ «የበጠጥ ቆጣሪዋ» እያለ ሲያሾፍባት ኖሯል፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቅ አልመጣላትም። ደብተሩን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ እርሻ ቢሮው ሄደች።

አዲሱ ኃላፊ ዶክተር አንሰል ዊትኮም ገና ዓመት አልሞላውም፤ ወጣት ነው፣ ጨዋም ነው። ደብተሩን ሲገልጥ ዓይኑ በራ። ገጽ በገጽ ሄደ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

«ይኼ... ይኼን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ።»

«አይ፣ ማለቴ፣ ማን አሠራዎት? ዩኒቨርሲቲው ነው?»

«ፍየሎቼ ናቸው ያሠሩኝ። እየሞቱ።»

ሳቀ። ወንበር ሳበላት። «እንዲህ ያለ መዝገብ በግዛቱ ውስጥ ያለ አይመስለኝም» አለ። «ወረቀቱን ለማስቀየር የሚያስፈልገኝ ይኼው ነው። ስምዎትን ማን ልበል?»

«ዶርካስ ታኬት።»

ብዕሩ ቆመ። «ታኬት... ጋዜጣ ላይ ያነበብኩት፣ በመማሪያ መጽሐፉ ስብሰባ ላይ የተናገሩት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

አዎ፣ እሷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት የትምህርት ቦርዱ የባዮሎጂ መጽሐፍ ሊመርጥ ሲሰበሰብ ተነስታ፣ ሰውም ዛፍም ዓሣም ከአንድ ፍጥረት ወጡ የሚለው ነገር ለእሷ እንዳልተዋጠላት፣ ልጆቹ ይማሩት እንጂ «አልተዋጠልኝም» ያለ ልጅ እንደ ደደብ እንዳይታይ ተናግራ ነበር። ጋዜጣው በማግስቱ «ፍየል አርቢዋ ሳይንስን ተቃወመች» ብሎ አወጣው። ያኔም ደሟ ፈልቶ ነበር፤ ትታው ነበር።

«ነኝ» አለች።

ዶክተሩ ደብተሩን ቀስ ብሎ ከደነው። «በቀጥታ ልጠይቅዎት። በዝግመተ ለውጥ ያምናሉ?»

«እጠራጠራለሁ።»

«ምኑን?»

«ትልቁን ለውጥ። ከዓሣ እስከ ሰው ያለውን። ትንሹን ግን ይኸው፣ እፊትዎ ነው ያለው፤ ቆጥሬዋለሁ።»

«ትንሽና ትልቅ የሚባል የለውም፣ ወይዘሮ ታኬት። ያው አንድ ነገር ነው፤ ጊዜው ነው የሚረዝመው። እሱን የጣለ ሰው ሳይንስን ጥሏል። ሳይንስን የጣለ ሰው የሰበሰበውን ቁጥር ይዤ የሥራ ባልደረቦቼ ፊት ብቀርብ ምን የሚሉኝ ይመስልዎታል?»

የሰውዬው ክርክር ባዶ አልነበረም። ስለ ዓሣው ምናልባት ልክ እሱ ነው። ግን ጠረጴዛው ላይ የቀረበለት ዓሣ አይደለም፤ በጠጥ ነው።

«ቁጥሩ ምን አጠፋ?» አለችው።

«የቁጥሩ ጉዳይ አይደለም። የመታመን ጉዳይ ነው።»

«እርስዎ ራስዎ የዚህን አገር በጠጥ ስንት ጊዜ ቆጥረዋል?»

«ሥራዬ እሱ አይደለም።»

«ታዲያ እንቁላል ስቆጥር አጠገቤ የቆመ ዓሣ አልነበረም እኮ! ማይክሮስኮፑ ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ አትሄጂም ብሎ አልጠየቀኝም!»

«እባክዎ አይጩሁ» አለና ደብተሩን በሁለት ጣቱ ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

ያ በሁለት ጣት መግፋቱ ነው ያነደዳት። ቢሳደብ ይሻላት ነበር። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን በጥፊ መታችው። አሥራ አንድ ዓመት! ክረምት ከበጋ እጇ በጨው ውኃ እየተሰነጠቀ፣ ቁጥሩ ከምትጠብቀው ሲለይባት ሦስቴ እየደገመች፣ ደስ የማይላትን ቁጥር ሳትሰርዝ ኖራ፣ አሁን ሰውዬው አንድ ጥያቄ ስለጠየቀ ያ ሁሉ ገደል ገባ። ሎኒ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ስምንተኛዋን ይቀብራል።

ረቡዕ በጸሎቱ ፕሮግራም ላይ ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር። ፓስተሩ፣ ወንድም ኦርቪል፣ ገና ከበሩ እጇን ጨበጣት። ትልቅ ሰው ነው፣ ሳቂታ፣ እናቷንም የቀበረላት እሱ ነው።

«ናቁሽ አይደል፣ እኅት ዶርካስ? አውቃለሁ። ለእነሱ እኛ ምንጊዜም መሃይም ነን። ያ ዶክተር ቅዳሜ በከብት ጨረታው ቤት ስብሰባ አለው አሉ፤ ተነሺና መስክሪ። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ከኋላሽ ነው።»

ልቧ ትንሽ ሞቅ አላት። «እመሰክራለሁ እንጂ። ትሉ መለወጡን ነው የምመሰክረው።»

የወንድም ኦርቪል ፈገግታ ባለበት ቀረ። ግራ ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተለወጠ አትበይ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እልኸኛ ሆነ በይ። መድኃኒቱን ለመደው በይ። ቃል አታጪም። ፍጥረት በየወገኑ ነው የተሠራው፤ አንዴ ተለወጠ ካልሽ በሩን ወለል አድርገሽ ከፈትሽላቸው ማለት ነው።»

«ወንድም ኦርቪል፣ መድኃኒቱ ዱሮ ከመቶ ትል ዘጠና ዘጠኙን ይገድል ነበር። ዛሬ አሥሩን አይገድልም። የሞቱት ሞቱ፤ ያልሞቱት ወለዱ፤ የወለዷቸውም አይሞቱም። አንዱም ትል አልለመደም፣ አልተማረም። የሚሞተው ወገን አልቆ የማይሞተው ወገን ሞላ። ይኼ ምን ይባላል?»

«የፈርዖን ትል ይባላል፤ ልቡን ያደነደነ!» አለና ሳቀ። አጠገባቸው የቆሙት ሦስት ሴቶችም ተከትለው ሳቁ። አንደኛዋ «ውይ ወንድም ኦርቪል፣ አይ አፍ!» አለች።

ዶርካስ አልሳቀችም። ሰባት ፍየል ሞቷል፤ ሰውዬው ቃል ያማርጥላታል። ቢሮው ያለው «እመኚ አለዚያ አትቁጠሪ» ይላታል፤ እዚህ ያለው ደግሞ «ቁጠሪ፣ ግን ያየሽውን አትናገሪ» ይላታል። የሁለቱም ጭንቀት ፍየሉ አይደለም። ከዚያች ቀን በፊት በወንድም ኦርቪል ተናድዳ አታውቅም ነበር፤ እና ንዴቱ ከዶክተሩ የባሰ ውስጧን ፈጃት፤ እሱ የራሷ ሰው ነዋ። ዝማሬው ሳይጀመር ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ የበቆሎ ዳቦዋን ሳትነካው ደብተሩን ዘረጋች። ቅዳሜ ሁለቱንም አፋቸውን የምታስይዝበትን ነገር ፍለጋ ነበር። የምትፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይኼ የማይሞት ትል ከየት ጀመረ? የዶክተሩ ቢሮ ወረቀቱን ያደለው ለሁሉም እኩል ነው፤ ታዲያ ለምን አንዱ በረት ቀድሞ ተበላሸ? ዓመት በዓመት፣ በረት በበረት ጎን ለጎን አድርጋ ጻፈች።

መጀመሪያ የተበላሸው የራሷ በረት ነው።

አላመነችም፤ እንደገና አየች። በአምስተኛው ዓመት መንጋዋን በሙሉ በአንድ ቀን ግታ፣ በማግስቱ ወደ ወንዙ ዳር አዲስ ግጦሽ አዛውራ ነበር፤ ልክ ወረቀቱ እንዳለው፣ አንድም ሳታጎድል። አዲሱ ግጦሽ ላይ የወደቀው እንቁላል ከመድኃኒቱ የተረፈው ትል እንቁላል ብቻ ነበር። ሌላ የሚቀላቀለው አልነበረም። በስድስተኛው ዓመት መድኃኒቱ ከሦስት አንዱን ትል መግደል አቃተው፤ በስምንተኛው ጭራሽ ሠራ ማለት አይቻልም። በእነዚያው ዓመታት ደግሞ የዶርካስ ወጠጤዎች ቆንጆ ናቸው ተብሎ አገሩ ሁሉ ከእሷ ይገዛ ነበር። አሥራ አራት በረት። አሥራ አራቱም በገዙ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ መድኃኒቱ እምቢ ብሏቸዋል። ከወንዙ ማዶ ያለችው ሃቲ ብሬደን ከእሷ አንድም ፍየል ገዝታ አታውቅም። የሃቲ ቁጥር፦ ከመድኃኒቱ በፊት ሁለት ሺህ፣ በኋላ ሃያ።

ሎኒ ከእሷ ሁለት ወጠጤ ነው የገዛው።

ዶርካስ ደብተሩን ወርውራ ከመሬት አጋጨችው። እስካሁን ንዴቷ በሰው ላይ ነበር፤ ለዚያ ንዴት ቦታ ነበረው። ይኼኛው ቦታ የለውም። እግዜር ያውቃል፣ ያን ገጽ ብትቀድደው ማንም አያውቅባትም ነበር። ዶክተሩ ደብተሩን አልፈለገውም። ወንድም ኦርቪል አልፈለገውም። ደብተሩን አንስታ ያንኑ ገጽ በጣቶቿ ያዘችው። ከዚያ አቃናችውና ከሥሩ የዕለቱን ቀን ጻፈችበት።

ቅዳሜ የጨረታው ቤት ሞልቷል። ከብት የሚዞርበት ክብ መሃል ላይ ዶክተር ዊትኮም ካርቶን ሙሉ አዲስ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ወንድም ኦርቪል ከምእመናኑ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተደርድሯል፤ ዶርካስን ሲያይ አገጩን ወደ መድረኩ ነቀነቀላት፣ በርቺ እንደማለት። ሎኒ ብቻውን ጥግ ላይ ነው። ትናንት ስምንተኛዋ ሞታበታለች።

ዶክተሩ አዲሱን ወረቀት አነበበ። አዲስ ያለው ነገር የመድኃኒቱ መጠን እጥፍ መሆኑ ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ እጥፍ አድርጋችሁ፣ ከዚያ ወደ ንጹሕ ግጦሽ።

ዶርካስ ተነሳች።

«ወይዘሮ ታኬት» አለ ዶክተሩ ድካም በተሞላ ድምፅ፣ «ተነጋግረናል። ይኼ የእምነት መድረክ አይደለም።»

«አይደለም። ለዚህ ነው ቁጥር ይዤ የመጣሁት። ምስክርነት አለኝ።»

ከሦስተኛው ረድፍ «አሜን!» ተባለ። ምስክርነት ከራስ ጥፋት እንደሚጀመር ዶርካስ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ አሜን ያሉትም ያውቃሉ። ምን እንደምትናገር ግን አላወቁም።

«ይኼን ትል ያረባሁት እኔ ነኝ» አለች። «መድኃኒት የማይገድለውን። ሁሉንም በአንድ ቀን ጋትኩ፤ ወደ ንጹሕ ግጦሽ አዛወርኩ። የሚሞተውን ገድዬ የማይሞተውን ብቻ ንጹሕ ሣር ላይ ዘራሁት። ከዚያ ከነወጠጤው ሸጥኩላችሁ።» ደብተሩን ገለጠች። «ስማችሁን ላንብብ። ሎኒ ኬትስ፣ ሁለት። ኢነዝ ሩከር፣ አንድ። የማክፋርላንድ ወንድማማቾች፣ አራት...»

አሥራ አራቱንም አነበበች። ከሃቲ በረት ጋር እያስተያየች ቁጥሩን አነበበች። ወንድም ኦርቪል ቀድሞ ተነሳ።

«እኅት ዶርካስ፣ አሁን ምን እያልሽ ነው? ከእነሱ ጋር ሆንሽ ማለት ነው?»

ዶክተሩም በዚያው ቅጽበት፣ ፊቱ ላይ ድል የመሰለ ነገር እያየችበት፣ «እንግዲያው ዝግመተ ለውጥን ተቀብለዋል ማለት ነው?» አላት።

ዶርካስ እንደ እሳት ነደደች።

«ፍየል እየሞተ ነው!» ብላ ጮኸች። «ፍየል! እናንተ የማን ወገን ነሽ ትሉኛላችሁ! ወንድም ኦርቪል፣ ትሉ ተለውጧል። ተለውጧል! ሰማይ አልተደፋብንም። እርስዎ ደግሞ ዶክተር፣ ፍጥረት ይለወጣል ብለው ያምናሉ፤ አፍዎን ሞልተው ያምናሉ። ታዲያ ይኼ እጅዎ ላይ ያለው ወረቀት ትል ለዘላለም አይለወጥም ብሎ ነው እኮ የተጻፈው! እጥፍ አድርጎ መጋት? የባሰውን መርጦ ማስቀረት አይደለም? እኔ ተጠራጣሪዋ ሄጄ አየሁ። እርስዎ አማኙ መቼ አዩ?»

«ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም...» አለ ዶክተሩ።

«ስለ ዓሣው ዛሬም እጠራጠራለሁ። ነገ የሚያሳምነኝ ካገኘሁ እተዋለሁ፤ ይኼው ዛሬ በራሴ ላይ የሚመሰክር ቁጥር አግኝቼ ትክክል ነኝ ማለቱን አልተውኩም? እርስዎ ይተዋሉ? ወረቀቱ ስህተት ነበር ይበሉ። አንድ ጊዜ። እዚሁ።»

ዶክተሩ ወረቀቱን አየው። አንገቱ ድረስ ቀልቷል። «እኔ አይደለሁም የጻፍኩት» አለ። «የቢሮው ነው።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ኢነዝ ሩከር የተሰጣትን ወረቀት አጣጥፋ ወንበሯ ሥር ጣለችው። ወንድም ኦርቪል ተቀምጧል፤ ምእመናኑ እሱን እንጂ እሷን አያዩም።

ያኔ ሎኒ ከጥጉ ተነስቶ መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። እፊቷ ቆመ።

«ስምንት ፍየል ገድለሽብኛል።»

«ገድያለሁ።»

«ሰኞ ለታ በረቴ ቆመሽ ምንም አላጠፋህም ስትይኝ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ሐሙስ ነው ያወቅኩት።»

«ዝም ብትዪ እኮ...» አለና አልጨረሰውም። አንድ እርምጃ ተጠጋት። እጁን ሊያነሳባት ነው ብለው ሁለት ሰዎች ጠጋ አሉ። ሎኒ ግን ዞሮ ዶክተሩን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው፤ ቀጥሎ ወንድም ኦርቪልን አየ። አንዳቸውም ዓይኑን ሊያዩ አልቻሉም። ከዚያ ከዶርካስ አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ይቅር አላልኩሽም» አለ ሳያያት።

«አላልከኝም።»

«አሥራ ዘጠኝ ቀርተውኛል። ነገ ከቤተ ክርስቲያን በፊት መጥተሽ ዓይናቸውን እይልኝ።»